ከዋንጫው ያልጠጣው ደራሲ

አንድ አድናቂ ለጄ. አር. አር. ቶልኪን የብረት ዋንጫ በስጦታ ላከለት። ዋንጫው ላይ የተቀረጹት በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ውስጥ የጨለማው ጌታ ሳውሮን ቀለበቱ ላይ የጻፋቸው አስፈሪ ቃላት ነበሩ። ቶልኪን ዋንጫውን ተቀብሎ ቤቱ አስቀመጠው፤ ግን አንድም ቀን አልጠጣበትም። የትምባሆ አመድ ማራገፊያ አደረገው። በስተርጅናው በጻፈው ደብዳቤ ነገሩን ሲያነሳው፣ አለመጠጣቱ ማንም የሚጠብቀው ነገር እንደሆነ ሁሉ ምክንያቱን ለማስረዳት እንኳ አልሞከረም።

እስቲ አስቡት። ያንን ቋንቋ የፈጠረው ቶልኪን ነው። ሳውሮንንም፣ ቀለበቱንም፣ እርግማኑንም ከባዶ ወረቀት ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ታዲያ የገዛ ብዕሩ የወለደው ነገር እጁን ከዋንጫው የሚያስመልሰው ለምንድን ነው?

የፋንታሲ መጻሕፍት ወሬ በተነሳ ቁጥር ከሰው መሃል አንዱ «እነዚህ ደራሲዎች የሚጽፉትን ያምኑታል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው በሳቅ ይታለፋል። ለእኔ ግን በጣም ከምወዳቸው ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ከተከተላችሁት ማመን ማለት ራሱ ምን እንደሆነ እንደገና እንድታስቡ ያደርጋችኋል። ስለዚህ ዛሬ አብረን እንከተለው። ከቶልኪን ጋር ብዙ እቆያለሁ፤ በጉዳዩ ላይ የእሱን ያህል ደብዳቤና ማስታወሻ ትቶልን የሄደ ደራሲ አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ አላመነም። ቶልኪን (1892–1973) ከ1925 እስከ 1959 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ጥንታዊ እንግሊዝኛን ያስተማረ ምሁርና የጸና ካቶሊክ ነበር። የታሪኩ ምድር ሚድል ኧርዝ የት እንዳለች ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ምድሪቱ እኛ የምንኖርባት ይህችው ምድር ናት፣ የታሪኩ ዘመን ግን የምናብ ነው ይላል። ኤልፎች የሚባሉት የታሪኩ ፍጡራን በአንድ ወቅት እንግሊዝ ውስጥ ይመላለሱ ነበር ብሎ አላሰበም። ጤነኛ ሰው ነበር።

ግን ያው ጤነኛ ሰው በ1944፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ በአየር ኃይል ሥልጠና ላይ ለነበረው ልጁ ለክሪስቶፈር ምን ብሎ እንደጻፈለት ስሙ። ታሪኩ ውስጥ አዲስ ሰው ብቅ ብሏል፤ እኔ እንዳልፈጠርኩት እርግጠኛ ነኝ፣ እንዲመጣም አልፈለግኩም፣ ግን ጫካውን አቋርጦ መጣ ይለዋል። የሰውዬው ስም ፋራሚር ነው። መጽሐፉን ያነበባችሁ ወይም ፊልሙን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለብዙ አንባቢ ከሁሉም የሚወደድ ገጸ ባሕርይ ነው። ደራሲው ግን እንግዳ እንደተቀበለ ሰው ነው የሚያወራው።

የአራጎርን ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በመጨረሻ ንጉሥ የሚሆነው አራጎርን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታየው ብሪ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ማደሪያ ጥግ፣ ፊቱን ሸፍኖ ፒፓ ሲያጨስ ነው። ስትራይደር ይሉታል። ቶልኪን በ1955 ለባለቅኔው ለደብሊው ኤች. ኦደን ሲጽፍ ያ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲያየው እንደደነገጠ፣ ማንነቱንም በዚያ ሰዓት ከታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ ከፍሮዶ የተሻለ እንደማያውቅ ተናግሯል። ይህ ለማሳመር የተባለ አይደለም፤ ረቂቆቹ ተርፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች እዚያ ጥግ የተቀመጠው ሰው ንጉሥ ሊሆን ቀርቶ ሰውም አልነበረም። ትሮተር የሚባል፣ የእንጨት ጫማ የሚያደርግ ሆቢት፣ ቁመተ አጭር ፍጡር ነበር! ቶልኪን ይህ ሆቢት ማን ይሆን እያለ ረቂቅ በረቂቅ ላይ ጻፈ፤ መልሱ የመጣው ቆይቶ ነው።

እዚህ ላይ «ቶልኪን ለየት ያለ ሰው ስለነበር ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ፤ ሌሎች ደራሲዎችን የጠየቁ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማርጆሪ ቴይለር ከባልደረቦቿ ጋር 50 ልብ ወለድ ጸሐፊዎችን ስለ ገጸ ባሕርያቶቻቸው ጠየቀች። 92 በመቶዎቹ ገጸ ባሕርያቱ በራሳቸው ፈቃድ ሲያስቡ ወይም ሲያደርጉ የተሰማቸው ጊዜ እንዳለ ነገሯት። ከዓመታት በኋላ፣ በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት በኤድንበራ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ፌስቲቫል ላይ የተገኙ 181 ደራሲዎችን ጠይቆ 63 በመቶዎቹ የገጸ ባሕርያቶቻቸውን ድምፅ እንደሚሰሙ አገኘ። ያስገርማል አይደል? ገጸ ባሕርዩ እንቢ ይላል፣ ይከራከራል፣ ደራሲው ባላሰበው መንገድ ይሄዳል።

ማርጆሪ ቴይለር ወደዚህ የመጣችው ከልጆች ነው። ብዙ ልጆች የማይታይ ጓደኛ አላቸው፤ ምግብ ያካፍሉታል፣ ይጣሉታል፣ ለእሱ ቦታ ልቀቁ ይላሉ። እሷም ለዓመታት ስለነዚህ ጓደኞች ልጆቹን ስትጠይቅ ኖራለች። ከግኝቶቿ ሁሉ እኔን የነካኝ፣ በቃለ መጠይቁ መሃል ልጆቹ እንደማዘን ብለው እሷን ማስተማር መጀመራቸው ነው፦ «የምሬን እንዳይመስልሽ እኮ፤ የውሸት ነው።» አዋቂዋ ተሳስታ እንዳትቀር ነው የሰጉት። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ለማይታየው ጓደኛው ወንበር እየሳበ፣ ጓደኛው እንደሌለ አጥርቶ ያውቃል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ራስ ውስጥ አይጋጩም።

ፈላስፋዋ ታማር ጌንድለር ይህን በ2008 ባወጣችው ጽሑፍ በደንብ ታስረዳዋለች። በአሜሪካ ግራንድ ካንየን ላይ ወለሉ መስታወት የሆነ መተላለፊያ አለ። የቆመበት ሰው መስታወቱ እንደማይሰበር ያውቃል፤ ባያውቅማ አይወጣበትም። ግን ከእግሩ ሥር ገደሉን ሲያይ ጉልበቱ ይከዳዋል። አእምሮው ያመነው ሌላ፣ ሰውነቱ የሚመልሰው ሌላ። የቶልኪን ዋንጫ እዚህ ላይ ነው የሚመደበው። ቃላቱ ኃይል እንደሌላቸው ያውቃል። ነገር ግን ከ10 ዓመት በላይ የእነዚያን ቃላት ክፋት አንባቢ እንዲሰማው ሲለፋ የኖረ ሰው ከንፈሩን ዋንጫው ላይ ማሳረፍ አይሆንለትም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ስሜት ነው። ስሜት ግን ግማሹ ነገር ብቻ ነው፤ እንዲያውም ትንሹ ግማሽ። ትልቁን ለማየት ወደ 1939 እንሂድ።

በዚያ ዓመት ቶልኪን በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ንግግር አደረገ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚደግመው ሐሳብ ባለቅኔው ኮልሪጅ በ1817 የጻፈው ነበር፦ አንባቢ ልብ ወለድ ሲያነብ ጥርጣሬውን በፈቃዱ ለጊዜው ወደ ጎን ያደርጋል። ቶልኪን በዚህ አልተስማማም። እሱ እንደሚለው ጥሩ ተራኪ ሁለተኛ ዓለም ይሠራል፤ አእምሯችሁ ወደዚያ ይገባል። እዚያ ውስጥ ሳላችሁ ተራኪው የሚነግራችሁ በዚያ ዓለም ሕግ እውነት ነው፤ ስለዚህ ታምኑታላችሁ። ጥርጣሬ ብቅ ያለ ዕለት ግን ድግምቱ ፈርሷል፣ ውጭ ቆማችኋል። ከዚያ በኋላ በይሉኝታ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ነው ጥርጣሬን «ወደ ጎን ማድረግ» የሚያስፈልገው። በሌላ አነጋገር ኮልሪጅ የገለጸው የከሸፈውን ታሪክ ነው።

በንግግሩ የታተመ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ድንቅ ምሳሌ አለ። አረንጓዴ ፀሐይ ብሎ ማውራት ለማንም ቀላል ነው ይላል። አረንጓዴ ፀሐይ የምትታመንበትን ዓለም መሥራት ግን ልፋትና ብርቱ ሐሳብ ይጠይቃል። ያቺ ፀሐይ ብትኖር ቅጠሉ ምን ይመስላል? የሰው ፊትስ? ጥላውስ? ደራሲው እነዚህን ካልመለሰ አንባቢው ከደጅ ይመለሳል። እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ደራሲ በዓለሙ ማመኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ «አለ ብለህ ታስባለህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ይልቁንስ ያ ዓለም «አይሆንም» ሲለው ይታዘዝ እንደሆነ ተመልከቱ።

ቶልኪን ይታዘዝ ነበር። በዚያው በ1944 ፍሮዶና ጓደኛው ሳም ወደ ሳውሮን ምድር ወደ ሞርዶር እየተጠጉ ሳለ ጨረቃዋ ልክ እንዳልሆነች ደረሰበት። የጉዞ ጓዶቹ በየአቅጣጫው ተበታትነዋል፤ አንዱ ምዕራፍ ላይ ጨረቃ ስትወጣ በዚያው ሰዓት ሌላው ምዕራፍ ላይ ትጠልቃለች። ማን ያስተውለዋል? አንድም አንባቢ አያስተውለውም! እሱ ግን የከሰዓቱን ጊዜ በሙሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ምዕራፎቹን ሲያስተካክል ዋለ። ያውም የማስተማር ሥራው ነበረበት፣ ወረቀት እንኳ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ከሁሉም የምወደው ግን የጎለም ታሪክ ነው፤ ለዚህ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

«ዘ ሆቢት» በ1937 ሲወጣ፣ በአምስተኛው ምዕራፍ ሆቢቱ ቢልቦ ከምድር በታች ባለ ጨለማ ሐይቅ ዳር፣ ቀለበቱን ይዞ ከሚኖረው ፍጡር ከጎለም ጋር በእንቆቅልሽ ይወዳደራል። በዚያ የመጀመሪያ እትም ጎለም ከተሸነፈ ቀለበቱን እንደሚሰጥ ራሱ ቃል ይገባል። ሲሸነፍም ሊያመጣው ይሄዳል፣ ያጣዋል (ለካ ቢልቦ ቀድሞ አግኝቶታል)፣ ቢልቦን ይቅርታ እየጠየቀ መውጫውን ያሳየዋል። በሰላም ይለያያሉ። ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን ደስ የሚል ምዕራፍ ነበር።

ከዚያ ተከታዩን መጽሐፍ መጻፍ ሲጀምር ቀለበቱ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ፤ የያዘውን ሰው የሚይዝ፣ ማንም በገዛ ፈቃዱ በቀላሉ የማይሰጠው ነገር። እና ጎለም ቀለበቱን ለውርርድ ሊያቀርብ አይችልም፤ ፈጽሞ የማይሆን ነው። መጽሐፉ ግን ታትሞ ተሽጧል፣ በልጆች እጅ ነው።

ቶልኪን ምዕራፉን እንደገና ጻፈውና በ1947 ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያህል ለአሳታሚው ላከው። ከሦስት ዓመት በኋላ የአዲሱ እትም ማረሚያ ሲደርሰው ያ ናሙና ቀጥታ መጽሐፉ ውስጥ ገብቶ አየ! ተገረመ፣ ግን ተቀበለው፤ በ1951 በዚያው መልክ ወጣ። አሁን ጎለም ቀለበቱን ሲያጣ ይጮኻል፣ ይራገማል፣ ቢልቦን ሌባ ይለዋል። ሌላ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ በቃው ነበር፤ አዲሱ እትም አሮጌውን ይተካል፣ ተረሳ።

ቶልኪን አሮጌውን እትም አልካደውም። በታሪኩ ውስጥ መጽሐፉን የጻፈው ቢልቦ ራሱ ነው፤ እንግዲያውስ የመጀመሪያው ጽሑፍ ቢልቦ የተናገረው ውሸት ነው አለ። ቀለበቱን በስጦታ ነው ያገኘሁት ብሎ ዋሸ። ለምን ዋሸ? ቀለበቱ ገና ከመጀመሪያው ዕለት በልቡ ላይ መሥራት ስለጀመረ! ሐቀኛ የነበረው ሆቢት መዋሸቱን ያስተዋለው ጠንቋዩ ጋንዳልፍ ስለ ቀለበቱ የተጠራጠረው አንድም በዚህ ነው። በ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» መቅድም ላይም ይህ ሁሉ ተጽፏል፤ የውሸቱ ቅጂ አሁንም በአንዳንድ መዛግብት እንደሚገኝ ሳይቀር። የደራሲው ስሕተት የገጸ ባሕርዩ ኃጢአት ሆነ፣ ኃጢአቱም የታሪኩ ሁሉ መነሻ። ሁለት የሚጋጩ መዛግብት ያገኘ የታሪክ ምሁር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ አንዱን አያቃጥልም፣ ማን ለምን እንደዋሸ ይመረምራል።

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ልንገራችሁ። አርተር ኮናን ዶይል፣ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ፣ በእውነተኛ ፌሪዎች ያምን ነበር፤ በቁም ነገር። በ1917 እንግሊዝ ውስጥ ኮቲንግሊ በምትባል መንደር ኤልሲ ራይትና ፍራንሲስ ግሪፊትስ የተባሉ የአክስትና የአጎት ልጆች ክንፍ ካላቸው ትንንሽ ፍጡራን ጋር ፎቶ ተነሱ። ዶይል ፎቶዎቹን አምኖ በ1920 በመጽሔት፣ በ1922 ደግሞ በሙሉ መጽሐፍ ለዓለም አቀረባቸው። ልጆቹ አርጅተው በ1983 ፍጡራኑ ከወረቀት ተቆርጠው በኮፍያ መርፌ የቆሙ ሥዕሎች እንደነበሩ አመኑ። ይኸው ዶይል ግን በራሱ ልብ ወለድ ዓለም ውስጥ ምን ያህል ግድ የለሽ እንደነበር ተመልከቱ። የሆምስ ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን በአንደኛው መጽሐፍ የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው፤ በሁለተኛው እግሩ ላይ። በአንድ አጭር ልቦለድ ደግሞ ጆን የሚባለውን ይህንኑ ዋትሰን የገዛ ሚስቱ ጄምስ ብላ ትጠራዋለች። ዶይል አላስተካከለውም። ፌሪ አለ ብሎ የሚምል ሰው ለፈጠረው ዓለም ዘብ አልቆመም፤ ኤልፍ የለም የሚለው ሰው ለጨረቃዋ ሲጨነቅ ዋለ።

አሜሪካዊው ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት ደግሞ የዶይል ተቃራኒ ነው። ከቁስ ሌላ ምንም የለም ባይ፣ አማልክትን ሁሉ የካደ፤ ሆኖም ከከዋክብት ወዲያ ስለሚመጡ አስፈሪ አማልክት ሲጽፍ ኖረ። «ኔክሮኖሚኮን» የሚባል የጥንቆላ መጽሐፍ ፈጥሮ እስከ ትርጉሞቹ ታሪክ ድረስ ስለዘረዘረው አንባቢዎች የት እንደሚገኝ ይጠይቁት ነበር። እሱም በትሕትና ይመልስላቸዋል፦ የለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

ደራሲዋ ኧርሱላ ለ ጉዊንም ከቶልኪን ወገን ናት። ኧርዝሲ የሚባለውን የደሴቶች ዓለም በ1968 ለአንባቢ ስታቀርብ ከጅምሩ ካርታ ስላ ነበር፤ ሆኖም ደሴቶቹን አቅዳ እንዳልሠራቻቸው፣ አሳሽ ሆና እንዳገኘቻቸው ነው የምትናገረው። ሦስተኛውን መጽሐፍ በ1972 ካወጣች በኋላ 18 ዓመት ቆይታ በ1990 አራተኛውን ጻፈች፤ ከርዕሱም ሥር «የኧርዝሲ የመጨረሻ መጽሐፍ» ብላ ጻፈችበት። ከዓመታት በኋላ ግን ወደዚያው ዓለም ተመልሳ ሄደች። ያልነበረ ታሪክ የሚጠናው ተርኮ ምን እንደሆነ በማየት ነው፤ የእውነተኛ ታሪክ ጸሐፊዎችም ሥራ ከዚህ ብዙም አይርቅም ትላለች። እዚህ ላይ ከልቧ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በኋለኞቹ መጻሕፍት የቀደሙትን የምታርመው ነገሩን ሳትሰርዝ፣ ያኔ ያላየችውን ጎን በማሳየት ነው። ለምሳሌ ጠንቋይ ሁሉ ወንድ የሆነው ለምንድን ነው ብላ የራሷን ዓለም ትመረምራለች።

ወደ ቶልኪን ልመለስ፤ መታዘዝ ዋጋ ያስከፈለው እሱን ነው።

በ1954 በኦክስፎርድ የአንድ የካቶሊክ መጻሕፍት መደብር ኃላፊ ጻፈለት። የሞቱ ኤልፎች ዳግም መወለዳቸው ከሃይማኖት አንጻር እንዴት ይታያል፣ ገደቡን አላለፍክም ወይ የሚል ጥያቄ ነበር። ቶልኪን ረጅም መልስ መጻፍ ጀመረ። ዋና ነጥቡ ሰው ፈጣሪ ካደረገው ውጭ ሌላ መንገድ በምናቡ ቢያስብ ኃጢአት አይደለም፤ ምናብ የተሰጠውም ለዚሁ ነው የሚል ነው። ግን ደብዳቤውን አልላከውም፤ ራሴን ከመጠን በላይ ቁም ነገር አድርጌ እንዳልቆጥር ብሎ ተወው። በዚያው ረቂቅ ውስጥ የክፉው ወገን ወታደሮች ስለሆኑት ስለ ኦርኮች ይጨነቃል። በእሱ እምነት ክፉ ኃይል ሕይወት መፍጠር አይችልም፣ የተፈጠረውን ማበላሸት ብቻ ነው። እንግዲያ ኦርኮች ከማን ተበላሹ? ከኤልፍ? ከሰው? ነፍስ ካላቸው ደግሞ መዳን አይችሉም ማለት ይቻላል? በዚህ ጉዳይ ማስታወሻ ሲጽፍ ኖሮ ቁርጥ ያለ መልስ ላይ ሳይደርስ ሞተ። ፊልም ላይ በመቶዎች ሲታረዱ የምናያቸው ኦርኮች ደራሲያቸውን እንቅልፍ የነሱት ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ደግሞ የፀሐይ ነገር መጣ። በቀድሞው አፈ ታሪኩ ምድር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ናት፤ ፀሐይና ጨረቃ የተሠሩት ሊሞቱ ከተቃረቡ ሁለት የሚያበሩ ዛፎች የመጨረሻ ፍሬና አበባ ነው። ከጻፋቸው ሁሉ ውብ ከሆኑት አንዱ ነው። በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከነው፦ ኤልፎች ጥበበኞች ናቸው፣ ዓለሙ ሲሠራ ከነበሩት ኃያላን በቀጥታ ተምረዋል፤ ታዲያ እንዴት ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ያስተምራሉ? ምድር ከጥንትም ክብ፣ ፀሐይም ከጥንት የነበረች የሆነችበትን ሌላ ቅጂ ሞከረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለቱንም ያነበበች አንዲት ወዳጁ ጠፍጣፋው ይሻላል አለችው። እሱም ክቡን ቅጂ ለጊዜው ተወው፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን እንደገና ተመለሰበት። ጨረቃዋን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በቅቶታል፤ ይህን ማስተካከል ግን ሙሉውን ሥራ ከመሠረቱ ማፍረስ ነበር። ይህን አፈ ታሪክ የሚይዘው መጽሐፍ «ዘ ሲልማሪልዮን» ሳያልቅ በ1973 አረፈ፤ መጽሐፉን አሰናድቶ በ1977 ያሳተመው ልጁ ክሪስቶፈር ነው፣ ጠፍጣፋዋን ምድርና ዛፎቹን እንዳሉ ትቶ። የክብ ምድሩን ማስታወሻዎች ደግሞ በ1993 «ሞርጎትስ ሪንግ» በሚል ጥራዝ ለብቻቸው አወጣቸው።

ሁለቱም ታትመው ስላሉ ጎን ለጎን አንብቧቸው፤ መጀመሪያ ስለ ፀሐይና ጨረቃ የሚናገረውን ምዕራፍ፣ ከዚያ ማስታወሻዎቹን። እኔ ከዚያች ወዳጁ ጋር ነኝ፤ ፀሐይ ከጥንት የነበረች ከሆነ ኤልፎቹ ለዛፎቹ ብርሃን የሚዋጉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። የቶልኪንን ጭንቀት ግን አልንቀውም፤ ኤልፎቹን ሐሰተኛ አስተማሪዎች ላለማድረግ ሲል በጣም የሚወደውን ምዕራፍ ሊሠዋ ተዘጋጅቶ ነበር። እናንተ የቱን እንደምትመርጡ ስታነቡ ንገሩኝ።